ሲኒማ ቤቱ ሞተ ብላችሁ ድንኳን ለጣላችሁ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ አዲስ የሙሾ ዓይነት ተለምዷል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት በሩን በዘጋ ወይም ሥራውን በለወጠ ቁጥር፣ ብዕር ያነሣ ሁሉ ደረቱን ይደቃል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ አዳራሾቹ ባንድ ጊዜ ሲቆለፉ ሙሾው ተጀመረ፤ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ደግሞ ደመቀ። ስለ ቀዩ መጋረጃ፣ ስለ ትኬት ሰልፉ፣ ባትሪ እያበራ ወንበር ስለሚያሳየው ሰውዬ፣ በጨለማው ውስጥ ስለተያዘው የመጀመሪያ እጅ ይጻፋል፣ ይነበባል፣ ይታዘናል።

ለሞተ ማልቀስ ወግ ነው፤ ይህ ጸሐፊም ወግ አፍራሽ አይደለም። ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ነጠላውን ከማዘቅዘቁ በፊት የሚጠይቀው ነገር አለ። ለመሆኑ የሞተው ማን ነው? ለማንስ ምኑ ነበር? የአገራችን የሲኒማ አልቃሾች ይህን ሳይጠይቁ ድንኳን ጥለዋል። እኔ ደግሞ ጥያቄውን ከፒያሳ ሳይሆን ከደባርቅ ሆኜ ልጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ነገሩ ከዚያ ሲታይ ሌላ መልክ አለውና።

የተከራካሪን ቃል አጣሞ መርታት ድል ስላይደለ፣ አስቀድመን አልቃሾቹ የሚሉትን በቅንነት እናስቀምጥ። ሦስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሲኒማ ቤት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ነገር የሚስቁበት፣ በአንድ ነገር የሚያለቅሱበት የዘመናዊው ከተሜ ሸንጎ ነው፤ እሱ ከጠፋ ከተማው የቤትና የመንገድ ድምር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የአገራችን ፊልም እንጀራው ያለው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ በ1990ዎቹ በቪዲዮ ካሜራ እየተቀረጹ በየአዳራሹ ደጃፍ ሰልፍ ያሰለፉት የአማርኛ ፊልሞች ወጪያቸውን የመለሱት ከትኬት ነበር። ሦስተኛ፣ ሕንፃዎቹ ራሳቸው ቅርስ ናቸው፤ አስመራ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ ሲኒማ ቤቶቿም አብረው ተቆጥረውላታል።

ሦስቱም ከባድ ነጥቦች ናቸው። በተለይ የመጀመሪያውን እኔም አምንበታለሁ። ጠቤ አልቃሾቹ ከሚወዱት ነገር ጋር ሳይሆን ያንን ነገር ከግድግዳውና ከወንበሩ ጋር አጣብቀው አብረው ሊቀብሩት ከመፈለጋቸው ጋር ነው።

መንገዱ የማያልፍበት መጋረጃ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን የሚወጣው መንገድ አምባጊዮርጊስን አልፎ፣ ዳባትንና ወቅንን አቋርጦ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ይወርዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ቀይ መጋረጃ፣ ተደርድሮ የተነጠፈ ወንበርና ከፍ ያለ የማሳያ ክፍል ያለው ሲኒማ ቤት አልነበረም። የቅርቡ ጣሊያኖች ጎንደር ፒያሳ ላይ የሠሩት ነበር። የዳባት ገበሬ ልጅ ፊልም ልይ ቢል አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ሌሊት ማደሪያ፣ አንድ ቀን መመለሻ ያስፈልገው ነበር። ለዚያውም የቤተሰቡን ከብት የሚጠብቅለት ካገኘ ነው።

እንግዲህ «ሲኒማ ቤት ሞተ» የሚለው መርዶ ወደ ደባርቅ ሲመጣ ተቀባዩ ማን ነው? ያልተወለደ አይሞትም። ከአዲስ አበባና ከጥቂት ትላልቅ ከተሞች ውጭ ላለው ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ሲኒማ ቤት የጠፋ ነገር አይደለም፤ ያልመጣ ነገር ነው። በዚህ በኩል ያለው ሐዘን ከተፈለገ፣ ሐዘኑ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ በሆነው አይደለም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሁሉ ባልሆነው ነው። ስለዚህኛው ግን ሙሾ ያወረደ አልገጠመኝም። ሰው የሚያለቅሰው ለሚያውቀው ነው ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የራስን ጎረምሳነት እየቀበሩ «የአገር ሐዘን» ብሎ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

አዳራሹ ያስተማረን

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ አለ። ያ የሚለቀስለት አዳራሽ ክፍት በነበረ ጊዜ ምን ያሳይ ነበር?

አዲስ አበባ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብላ እንደጠራችው የታወቀ ነው። ያንን ስም ያወጡትን አባቶች በአላዋቂነት መሳቅ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ከእነሱ በኋላ በወረራው ዘመን የመጣው ሲኒማ ምን እንደነበረ ስናይ ሳቃችን ይቀንሳል። የፋሺስት መንግሥት በየከተማው ሲኒማ ቤት ያቆመው ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ የዘር ሕጉ ጥቁሩንና ነጩን በመዝናኛ ቦታ ሳይቀር የሚለይ ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ የተመረቀው ሕንፃ እንኳ ጥንሱ ጣሊያኖች «ማርኮኒ» ብለው የጀመሩት ሲኒማ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ወንበሩ ለእኛ ተለቀቀ። ሸራው ላይ ያለው ታሪክ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ምስክር የለም። ሃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ተወለደ፤ ያደገውም እዚያው ነው። ስለ ልጅነቱ የተናገረውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ሲኒማ ቤት ገብተው ታርዛንን ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ በስተኋላው አድብተው ሲመጡበት፣ የጎንደር ልጆች «ከኋላህ!» ብለው ለታርዛን ይጮኹለት ነበር። ልብ በሉ፤ ጥቁር ልጅ፣ በአፍሪካ ምድር፣ በአፄ ፋሲል ከተማ ተቀምጦ፣ ነጩ ሰው በጥቁሮች እንዳይጠቃ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። አንዱ ለሌላው ጥላቻ አስተምሮት አይደለም፤ ጨለማው፣ ሸራውና የሰው ብዛት ተባብረው ያደረጉት ነው። አልቃሾቹ «አብሮ መሳቅ፣ አብሮ ማልቀስ» የሚሉት ኃይል እውነተኛ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያረጋግጥ የለም። ኃይሉ እውነት ነው። ጥያቄው ማን ለምን ተጠቀመበት የሚለው ነው።

አሁን ከልጁ ወደ አባቱ እንመለስ። የሃይሌ አባት ገሪማ ታፈረ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ ድርሰታቸውን ይዘው በየአገሩ እየዞሩ ለሕዝብ ያሳዩ ነበር። ቀይ መጋረጃ አልነበራቸውም። ያላቸው ታሪክ፣ ተዋናይና ሊያይ የተሰበሰበ ሰው ነው። ልጁ ሕንፃው ውስጥ ገብቶ ለታርዛን ጮኸ፤ አባቱ ያለ ሕንፃ የአገሩን ሰው ለአገሩ ሰው አሳዩ። በኋላ ልጁ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የፊልም ጥበብ ተምሮ ሲመለስ የሠራው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬና የባለ መሬት ታሪክ ሆነ። በ2000 ዓ.ም. ቬኒስ ላይ ታይቶ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘው «ጤዛ» ደግሞ ከጀርመን ተምሮ ወደ መንደሩ የተመለሰን ሰው ተከትሎ ወደ ጣና አካባቢ ወሰደን። በእኔ ግምት ልጁ ከሲኒማ ቤቱ ይልቅ ወደ አባቱ ነው የተመለሰው።

ማንም ያላለቀሰለት ሲኒማ

ደባርቅና ዳባት ጭራሽ ሲኒማ አልነበራቸውም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ነበራቸው። ስሙ ቪዲዮ ቤት ይባል ነበር።

አንድ የጭቃ ቤት፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ከመጋዝ የወጣ ጣውላ በግንድ ላይ ተመትቶ የተሠራ አግዳሚ ወንበር። መስኮቱ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት በሚስማር ይመታል፤ የስሜንን የቀትር ፀሐይ የሚያጨልመው እሱ ነው። በር ላይ የቆመው ልጅ ሳንቲም ይቀበላል። ውስጥ የህንድ ፊልም አለ፣ የካራቴ አለ። ቋንቋውን የሚያውቅ ስለሌለ ፊልሙን ቀደም ብሎ ያየ ሰው ከኋላ ሆኖ ይተረጉማል፤ ያልገባውን ደግሞ ከራሱ ይፈጥራል። መብራት ሲሄድ ሁሉም ባንድ ድምፅ ይጮኻል፤ መብራቱ እስኪመለስ ታሪኩ በወሬ ይቀጥላል። ብርድ ነውና ሁለት ሰው አንድ ጋቢ ለብሶ የሚያይ ሞልቷል። የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በአንድ ነገር የሚስቁበት ሸንጎ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ይህ ሸንጎ ሲጠፋ ያለቀሰ ማን ነው? ማንም። በሕይወት እያለ እንኳ ስሙ ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር ሲነሣ ኖረ። ያዘጋው ዘመቻ ነው፣ ዲሽ ነው፣ ስልክ ነው፤ ሁሉም ተባብረውበታል። ዛሬ ለቀይ መጋረጃ ከሚያለቅሱት ብዙዎቹ ያን ጊዜ «ወጣቱን አበላሸው» ሲሉ የነበሩ ናቸው። ከጣሊያን ሕንፃ ውስጥ ከታየ ጥበብ፣ ከጭቃ ቤት ውስጥ ከታየ ዱርዬነት ማለት ነው?

ቪዲዮ ቤት ጻድቅ ነበር አልልም። ልጃገረድ ደፍራ የማትገባበት የወንድ ጎሬ ነበር፤ ትምህርት ቤት እየፎረፉ የሚደበቁበት ነበር፤ ማታ ማታ የማይታይ ነገር የሚታይበትም ነበር። ታርዛንም ስሙን ለውጦ እዚያ ይመጣ ነበር። ግን ጉድለቱ ሊታረም የሚችል ጉድለት ነበር። በሩን ለእናቶችና ለልጃገረዶች መክፈት፣ የሚታየውን መምረጥ፣ የአገር ፊልም ማስገባት ይቻል ነበር። እኛ ግን ከማረም መናቅን መረጥን።

ስልኩ አለን ለሚሉ

እስካሁን ያልኩትን ሰምተው ደስ የሚላቸው ሌሎች ሰዎች አሉ። «ድሮም አዳራሽ ለምን? በ2008 ዓ.ም. ቃና ሲመጣ የቱርኩ ድራማ በአማርኛ አፉን ፈቶ እቤታችን ገባ። አሁን ደግሞ ስልክ አለ። የደባርቅ እረኛ ከለንደን ልጅ እኩል ያያል» ይላሉ። ከአልቃሾቹ ጋር ያለኝ ጠብ የወዳጅ ጠብ ነው፤ ከእነዚህኞቹ ጋር ያለኝ ግን የምር ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። የተቋረጠውም ለቀናት ሳይሆን ለወራት ነበር። «ከለንደን ልጅ እኩል ያያል» የተባለው ልጅ በአንድ ሌሊት ዕውር ሆነ። የአዳራሽን በር መዝጋት የፈለገ ሰው ቢያንስ መጥቶ፣ ሰው እያየው፣ በሩን መቆለፍ አለበት። ስልክ ግን ሩቅ ሆኖ ይዘጋል፤ የዘጋውንም ሰው ፊቱን አታየውም። እንግዲህ የማየት መብትን ሁሉ ለዚህ ዕቃ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ዘመናዊ ሊባል ይችላል፤ አስተዋይ ግን አይባልም።

ስልኩ ሲሠራስ? በነሐሴና በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር፤ ጭና ላይ ብዙ ንጹሐን ሰዎች ተገደሉ። ሰዉ ያንን መከራ በቦታው አየው፤ ከዚያ ደግሞ ስለ መከራው የተነገረውን፣ የተቆራረጠውን፣ የተጋነነውን፣ የተካደውን በየስልኩ፣ በየጥጉ፣ በየብቻው አየው። አንድ ከተማ፣ አንድ ሐዘን፣ ሺህ መስኮት። አብሮ ያየ ሕዝብ ከመጋረጃው መውረድ በኋላ «ይህ እውነት ነው፣ ይህ ውሸት ነው» ተባብሎ ይከራከራል። ለየብቻው ያየ ግን የሚከራከረው ከማን ጋር ነው? ቁጣውን ይዞ ያድራል፤ ጠዋትም ከነቁጣው ይነሣል። አብሮ ማየት የመዝናናት ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ወጣቱ ራሱ ይህን ያውቃል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ እያለ የእንግሊዝ ኳስ ለማየት ለምን ከፍሎ ዲ ኤስ ቲቪ ቤት ይገባል? ጎሉን ለማየት ብቻ ከሆነ በኋላ በስልኩ ያገኘዋል። የሚከፍለው ከሌላው ጋር ለመጮህ ነው። የሲኒማ ቤት ነፍስ አልሞተችም ማለት ነው፤ ለማንቸስተርና ለአርሰናል ስታገለግል ትገኛለች።

ስሜንን ማን አየው?

በመጋቢት 1998 ዓ.ም. ቢቢሲ «ፕላኔት ኧርዝ» የሚለውን ታላቅ ዝግጅቱን ሲያሳይ፣ ስለ ተራሮች በቀረበው ክፍል የስሜን ጭላዳዎች ነበሩበት። በሰር ዴቪድ አተንቦሮ ድምፅ የታጀበው ያ ምስል በዓለም ዙሪያ ታይቷል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2009 ዓ.ም. ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ፓርኩ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ተነሥታ ከ400 በላይ አባወራዎች ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደርጓል።

እነዚህ ሰዎች የእርሻና የግጦሽ መሬታቸውን የለቀቁት ዓለም ለሚያየው እንስሳ ነው። ዓለም ጭላዳውንና ዋሊያውን በትልቅ ሸራ አየ። ስንቱ የግጭ ገበሬ ነው ለማን ሲባል እንደተነሣ በዚያው ሸራ ላይ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ፣ በራሱ ቋንቋ ተተርጉሞለት ያየው? ስንቷ የደባርቅ ተማሪ ናት ከመማሪያ ክፍሏ መስኮት የሚታየው ተራራ የዓለም መነጋገሪያ መሆኑን በዓይኗ ያየችው? የእኛ ተራራ የሌሎች ትዕይንት ነው፤ የእኛ ትዕይንት ደግሞ የኢስታንቡል ሳሎን ነው። በእኔ ዘንድ ለቅሶ የሚገባው ይህ ነው። የፈንዲሻ ሽታ አይደለም።

ታዲያ ምን ይሁን?

«መተቸት ቀላል ነው» ለሚሉኝ መልስ አለኝ፤ መልሱም ሕንፃ መሥራት አይደለም።

በዳባትም በደባርቅም፣ በየቀበሌው እድር አለ። እድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሰው የመጥራት ሥልጣን አለው፤ ሲጠራም የማይመጣ የለም። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከዚህ ላይ የሚጎድለው አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ነጭ ጨርቅ፣ መብራት ሲጠፋ የሚነሣ አነስተኛ ጄኔሬተርና የሚታየውን የሚመርጥ፣ የሚተረጉም፣ ከታየ በኋላ ሰዉን የሚያወያይ ሰው ነው። ገሪማ ታፈረ ከዚህ ባነሰ ዕቃ ሠርተዋል።

«በዚህ የጸጥታ ሁኔታ ሰው በማታ ይሰበሰባል ወይ?» ይባላል። በማታ ማን አለ? ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው፣ ገበያ የሚወጣው፣ ቀብር የሚሄደው ሰው በቀን ይሰበሰባል። ጨለማውን ቪዲዮ ቤቱ በማዳበሪያ ከረጢት ከሠራው፣ እኛ በድንኳን ሸራ እንሠራዋለን። በቀን መሆኑ ደግሞ እናቶችና ልጃገረዶች እንዲመጡ ያደርጋል፤ ያ የቪዲዮ ቤቱ ትልቁ ጉድለት ነበር።

«የፊልም ሠሪውስ እንጀራ?» ለሚለው ደግሞ ቀላል ሂሳብ እንሥራ። ሃምሳ ሰው ሁለት መቶ፣ ሁለት መቶ ብር ቢከፍል አሥር ሺህ ብር ነው። አምስት መቶ ሰው ሃያ፣ ሃያ ብር ቢከፍልም ያው አሥር ሺህ ብር ነው። ገንዘቡ እኩል ነው፤ ተመልካቹ ግን አሥር እጥፍ ነው። የአገራችን ፊልም ሠሪ ለሃምሳው ሰው ሳሎን እየቀረጸ ከኖረ፣ ለአምስት መቶው ሲሠራ ምናልባት ካሜራውን ወደ ወገራና ወደ ጃናሞራ ያዞር ይሆናል። ቴዎድሮስ የነገሠባት ደረስጌ ማርያም እኮ ያለችው እዚያ ነው።

ስለዚህ ለአልቃሾቹ የምለው ይህ ነው። ሕንፃዎቹ ቅርስ ከሆኑ በቅርስነት ጠብቋቸው፤ አልቃወምም፣ እደግፋለሁ። ነገር ግን ሲኒማን ከሕንፃው ጋር አትቅበሩት። አብሮ ማየት ከፒያሳ በፊት ነበረ፤ በአዝማሪው ዙሪያ ነበረ፣ በሠርግ ዳስ ውስጥ ነበረ፣ በጭቃው ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነበረ። አሁንም ሰው አብሮ ማየት ይፈልጋል፤ የሚያሳየው አጣ እንጂ።

ድንኳኑን ጥላችኋል፤ ደግ ነው፣ አታንሡት። የለቅሶውን ፍራሽ አውጡና ወንበር ደርድሩበት።